ለጠርሙስ የተገመደ የበሬ ገመድ

የክረምት ዕረፍት ሲመጣ የሥራ ባልደረቦቼ ወይ ለዲግሪያቸው ማሟያ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፣ ወይ ከረንቦላ ቤት ይውላሉ፣ ወይ እንቅልፋቸውን ይጠግባሉ። እኔ ጠርሙስ አስወነጭፍ ነበር። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ባለቤቴም ስትስቅብኝ ነው የኖረችው።

ለዚህ ዓመል የዳረገኝ ፕላዝማው ነው። ያኔ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ሲያስተምር የእኔ ድርሻ መክፈት፣ ጎኑ መቆም፣ መጨረሻ ላይ በምትፈቀድልኝ ጥቂት ደቂቃ "ገባችሁ?" ብሎ መጠየቅና መዝጋት ሆነ። አስተማሪ የምሆነው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ የቴሌቪዥን ዘበኛ መሆኔ ያንገበግበኝ ነበር። እጄም ሥራ ፈታ። ታዲያ አንድ ቀን ኢንተርኔት ቤት ገብቼ፣ ገጹ እስኪከፈት ጥፍሬን ስቆረጥም ቆይቼ፣ ሰዎች ለጨዋታ ስለሚሠሩት ትናንሽ ሮኬት የሚያወራ ጽሑፍ አገኘሁ። አሳትሜው ወጣሁ። ስለ ባሩድ የሚያወሩትን ገጾች ዘለልኳቸው፤ ለባሩድ የሚሆን ልብም ፈቃድም አልነበረኝም። በውሃና በአየር የሚሄደውን ያዝኩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ባዶ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ ውሃ ይሞላል። አፉ በቡሽ ይደፈናል። ቡሹ መሀል የብስክሌት ጎማ መንፊያ ጫፍ ይገባል። ጠርሙሱን ገልብጠህ ታቆመውና በመንፊያው ትነፋለህ፤ አየሩ በዝቶ ቡሹን ሲፈነቅለው ውሃውን ወደ ታች እየተፋ ወደ ላይ ይሄዳል። ከመብራት እንጨት በላይ፣ ከባሕር ዛፍ በላይ ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን ሲሄድልኝ ብቻዬን ሜዳ ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ።

ችግሩ መውጣቱ ላይ አልነበረም፤ መውረዱ ላይ ነው። የወጣ ጠርሙስ አናቱን ወደ ታች አድርጎ ይመጣና ይሰባበራል። አንዴ ከአከራያችን ቆርቆሮ ላይ አርፎ ሴትዮዋ ለሳምንት ሰላምታ ነፍገውናል። የትምህርት ቤቱ ግምገማ ላይም "ጊዜውን በጠርሙስ ያባክናል" ተብሎ ተነስቶብኛል፤ ሂሴን ዋጥኩ። ስለዚህ ከሌላ ጠርሙስ ጫፍ ቆርጬ ቆብ ሠራሁለት። ቆቡ ውስጥ ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ የተሰፋ ትንሽ ፓራሹት ታጠፈ። ጠርሙሱ ከፍታው ላይ ደርሶ ዘንበል ሲል ቆቡ ይወልቃል፣ ጨርቁ ይዘረጋል፣ ሁሉም ቀስ ብሎ ይወርዳል። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው።

በሜዳው ላይ ግን ቆቡና ጠርሙሱ በሚለያዩባት ቅጽበት ጠብ ይነሳል። ቆቡ ጨርቁን ይዞ አየር ላይ ቀጥ ይላል፤ ጠርሙሱ ግን ገና እየወደቀ ነው። ሁለቱን የሚያያይዛቸው አንድ ገመድ ብቻ ነው። ያን ድንገተኛ ጉተታ መቻል ያለበት እሱ ነው። ፈረንጆቹ ለዚህ ገመድ የራሱ ስም ሰጥተውታል። እኔ በአማርኛ ስም ስላጣሁለት "አስታራቂው" አልኩት፤ መሀል ገብቶ የሁለቱንም ዱላ የሚቀበለው እሱ ነውና። ያን ክረምት ሙሉ ያሳለፍኩት ለአስታራቂው የሚሆን ነገር ስፈልግ ነው።

መጀመሪያ ከልብስ ሰፊ ላስቲክ ገዛሁ፤ የሱሪ ወገብ ላይ የሚገባውን። የሚለጠጥ ነገር ጉተታውን ይውጠዋል ብዬ አስልቼ ነበር፤ ስሌቱም ትክክል ነው። የረሳሁት ላስቲክ የዋጠውን መልሶ እንደሚተፋ ነው። ተለጥጦ ተለጥጦ ሲመለስ ቆቡን ከጠርሙሱ ጋር አጋጭቶ ሰነጠቀው። ቀጥሎ ወደ ጎሚስታ ሄጄ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ቀጭን ቀጭን አድርጎ እንዲሸነሽንልኝ ለመንኩት። "ለምንህ ነው?" አለኝ። "ለሳይንስ" አልኩት። ከዚያ በኋላ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር "ሳይንስ እንዴት ነው?" ይለኛል። ካላማዳሪው ጥሩ ነበር፤ ግን ከበደ፣ ደግሞም መቀሱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጥርስ ከተወበት ከዚያችው ቦታ ይቀደዳል። በሦስተኛው ከገበያ ሲባጎ አመጣሁ። ሲባጎ አይበጠስም። ሳይበጠስ ግን ጠርሙሱ አናት ላይ ገመዱ የሚታሰርበትን የፕላስቲክ አንገትጌ እንደ ምላጭ ሰንጥቆት ወረደ።

የማይለጠጥ፣ የማይቆርጥ፣ የማይከብድ፣ ውሃ የማይፈራ ነገር ከየት ይምጣ? አንድ ቀን ዝናብ ስሸሽ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተጠልዬ ሳለሁ ከፊቴ የቃጫ ሸክም የያዙ ሴቶች ቆመዋል። ነጭ፣ ረጅም፣ ገና ከእንሰት የተፋቀ ቃጫ። ዶፍ እየወረደባቸው እንኳን ሸክሙን ለመሸፈን አልተጣደፉም፤ ቃጫ ውሃ እንደማይጎዳው ያውቃሉ። እኔም ማወቅ ነበረብኝ፤ ያደግኩት የቃጫ ገመድ ከሚገምድ ሰው ጋር ነው።

አባቴ ከአረካ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ቁጭ ባሉበት ሁሉ እጃቸው ቃጫ ይገምዳል። ሰው እያናገሩ ይገምዳሉ፣ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ይገምዳሉ። እኔ ግን ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ አንድም ነገር ጠይቄያቸው አላውቅም። ስንገናኝ የምናወራው ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ነው። ምን እንደማስተምር አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎ እንኳ ይቆጨኛል።

እሳቸው በእኔ ላይ የነበራቸው ቅሬታ ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ መስከረም ላይ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲደርስ፣ ጎጆ የወጣ ወንድ ወይ ብቻውን ወይ ከጎረቤቶቹ ጋር በሬ ይገዛል። ክረምቱን አስሮ ሲቀልብ ከርሞ ያርዳል። እኔ ካገባሁ አራት ዓመት ሆኖኝ የበዓል ሥጋ ከሉካንዳ ቤት በኪሎ ነበር የምገዛው። "በኪሎ" የምትለዋን ቃል አባቴ ከአፋቸው አያወጧትም። አልተቆጡኝም። በየጊፋታው ከራሳቸው ድርሻ ላይ ቀንሰው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ሰው ያስይዙልኛል እንጂ። ጎረቤት "መምህሩ ዘንድሮም አላሰረም?" ብሎ ሲጠይቃቸው "ከተማ ነው፣ ቦታ የለውም" እያሉ ይሸፍኑልኝ እንደነበር ከእናቴ ሰምቻለሁ።

ያን ሰሞን አንድ የሰፈራቸው ሰው ለገበያ ሶዶ መጥቶ አገኘሁት። "ለአባባ አንድ ነገር ንገርልኝ" አልኩት። "ገመድ እፈልጋለሁ። ጠንካራ፣ ድንገት ሲጎተት የማይበጠስ፣ ግን የማይቆርጥ። ይግመዱልኝ በላቸው።" ለጠርሙስ ነው ለማለት አፈርኩ። እሱም ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። በሐምሌ ወር አንድ ባለትዳር ወንድ ከአባቱ ጠንካራ ገመድ ሲያስልክ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ወላይታ የለም። ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የባጃጅ ድምፅ ደጃችን ቆመ። ባለቤቴ ወጥታ አየችና ፊቷ ተለዋውጦ ተመለሰች። "አባባ መጥተዋል" አለች። "ብቻቸውን አይደሉም።"

ወጣሁ። አባቴ ከባጃጁ ውስጥ አንድ ትልቅ ሸክም ይጎትታሉ፤ የስኳር ድንች ሐረግ ነው፣ ገና ጤዛው ያልረገፈ። ከሥሩ ሌላ የእንሰት ቅጠል እስር አለ። የአረካው ሚኒባስ ረዳት "ይሄ ተሳፋሪ ነው ወይስ ማሳ?" ብሎ ተከራክሯቸው ጣሪያ ላይ እንደጫነላቸው ነገሩኝ። ትከሻቸው ላይ ደግሞ ገመዱ ተጠምጥሟል። እንደዚያ ያለ ገመድ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላየሁም። ነጭ ነው። ከወዲህ ጫፉ የአውራ ጣት ውፍረት አለው፤ አንገት ላይ የሚውለው ጫፉ ደግሞ እንደ ሹሩባ ሰፋ ብሎ ተጎንጉኗል፤ እጅህን ብታሳልፍበት የሚኮሰኩስ ነገር አታገኝም።

ጉልበት ስሜ ሳልጨርስ አለፉኝና ወደ ጓሮ ሄዱ። እኛ ደግሞ ጓሮ የለንም። ከሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ጀርባ ያለው የአከራያችን የልብስ ማስጫና አንዲት በግ ናት። አባቴ ልብሱን ገለጥ አድርገው አዩ፣ ወደ አጥሩ ሄዱ፣ ተመለሱ።

"የት አሰርከው?" አሉኝ።

ያኔ ነው የገባኝ።

"አባባ፣ በሬ የለም" አልኩ።

"እየሰባ ያለው የሰው ቤት ነው?"

"በሬ አልገዛሁም።"

የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ እኔ አሁን በአማርኛ ጻፍኩት እንጂ። በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ያቺን ዓረፍተ ነገር መናገር ከበደኝ። አባቴ ገመዱን ከትከሻቸው አላወረዱም። ለእኔ ሳይሆን ለበጓ የሚነግሩ ይመስል፣ "ሰፈሩ ሁሉ መርቆኛል" አሉ። "ልጅህ ለወግ በቃ ብለው መርቀውኛል። ለበሬው ብለው ሐረጉን የሰጡኝ ጎረቤቶች ናቸው።"

ተሸክመው የመጡት ሐረግ ሳይሆን ስማቸው ነበር። አሁን ተመልሰው ሄደው ለእነዚያ ሰዎች ምን ይላሉ? አራት ዓመት ሙሉ ሲሸፍኑልኝ ኖረው እኔ በአንድ መልእክት ሜዳ ላይ አወጣኋቸው። መሬት ብትከፈት ገብቼባት ነበር።

ባለቤቴ ባትኖር ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። ቆጮና ዳጣ አቅርባ፣ ወንበር አውጥታ፣ አስቀመጠቻቸውና ወደ እኔ ዞራ "አምጥተህ አሳያቸው" አለችኝ። "ገመዱን የፈለግክበትን ነገር።"

አመጣሁት። አንዲት የተጠጋገነች የለስላሳ ጠርሙስ፣ አናቷ የተሰነጠቀ፣ ከጎኗ የጃንጥላ ጨርቅ። አባቴ ተቀብለው አገላበጧት።

"የምታስረው ይሄን ነው?"

"አዎ።"

"ያመልጣል?"

ባለቤቴ ወደ ቤት ሮጣ ገባች፤ ሳቋን ውስጥ ሆና ስትጨርስ ይሰማኛል። እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። እዚያ ላይ ሌላ ጉድ ገጠመኝ፤ ስለ ግፊት፣ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ሙከራዎቼ በእናቴ ቋንቋ ተናግሬ አላውቅም። ለተማሪዎቼ በእንግሊዝኛና በአማርኛ የማነበንበውን ሁሉ ለገዛ አባቴ የምልበት አንድ ቃል አጣሁ። በእጄ ማሳየት ጀመርኩ። "ይሄ ወደዚህ ይሄዳል፣ ይሄ ይቆማል፣ ያኛው ገና እየሮጠ ነው። ከዚያ ድንገት..." ሁለት እጆቼን ነጥቄ አለያየኋቸው።

አባቴ እጆቼን አይተው ጠርሙሱን አዩ። የተሰነጠቀውን አንገትጌ በጥፍራቸው ዳሰሱ።

"ይሄን የቆረጠው ምንድን ነው?"

"ሲባጎ።"

"ይቆርጣላ። ቀጭን ነገር የበሬ አንገትም ይቆርጣል። በዚህ በኩል ሰፋ ማለት አለበት፣ መጎንጎን አለበት።" ጎንበስ ብለው የተሰነጠቀውን ቆብ አነሱ። "ይሄስ?"

"እሱ በላስቲክ ነው። ተለጥጦ ሲመለስ መታው።"

"ርዝመቱ ምን ያህል ነበር?"

ክንዴን አሳየኋቸው። አባቴ ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈገግታ ነገር ፊታቸው ላይ አለፈ። "አሳጥረህ አስረኸው ነው እንግዲህ የሚያብድብህ። አጭር ገመድ ላይ ያለ ወይፈን ገና ሳይሮጥ ይነጠቃል፤ ወይ ገመዱ ወይ አንገቱ ይጎዳል። አስረዝመህ ስታስረው ግን ሮጦ፣ ሮጦ፣ ገመዱን እየጎተተ ደክሞት ነው ጫፉ ላይ የሚደርሰው። የእንስሳውን ቁመት ሦስት እጥፍ ስጠው።"

ያሳተምኩት ወረቀት ላይም ስለ ርዝመት አንድ አንቀጽ ነበር፤ ከቆቡ ውስጥ ቦታ ይይዝብኛል ብዬ የናቅኩት። በኋላ አውጥቼ አነበብኩት። ሦስት እጥፍ ይላል።

ከዚያ አባቴ ያደረጉትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያን የበሬ ገመድ ከትከሻቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት፣ ጫፉን ፈልገው ያዙና መፍታት ጀመሩ።

"አባባ፣ ይተዉት" አልኩ። "ሌላ ቃጫ ከገበያ አመጣለሁ።"

"የዚህ ቃጫ የተመረጠ ነው" አሉኝ። "እናትህ ናት የፋቀችው።"

"ሳምንት ሙሉ የለፉበትን..."

"ታዲያ ያለ በሬ ምን ይሠራል?"

በቁጣ አልነበረም ያሉት። እንዲያውም እጃቸው ሥራ ስላገኘ ፊታቸው ቀለል ብሎ ነበር። እኔ ግን እያንዳንዱ ግምድ ሲፈታ የሚወጣው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀረ። የሚያስፈልጋቸውን ያህል ነጭ ፈትል መዝዘው አወጡ፣ ውሃ አስመጥተው ነከሩት፣ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው ያንከባልሉት ጀመር። ወደፊት ሁለት ፈትል ይጠመዘዛል፣ ወደ ኋላ ሁለቱ አንድ ይሆናል። እንደ ሲባጎ ቀጭን ሆነ፤ ለስላሳ ግን ነበር። ሁለቱን ጫፎች እንደ ትልቁ ገመድ አንገት ጠፍጠፍ አድርገው ጎነጎኑ። እኔም አንዱን ፈትል ይዤ እንድሞክር ሰጡኝ። የጠመዘዝኩት ወዲያው ተተረተረ። "እያጠበቅህ" ይሉኛል፤ አጠበቅኩ፤ ተቋጠረ። ተቀብለውኝ ራሳቸው ጨረሱት። ከእሳቸው ጎን እንደዚያ ተቀምጬ የዋልኩት ከልጅነቴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ አለኝ፣ ደስ ማለቱም አሳፈረኝ። ሐረጉን የአከራያችን በግ እየበላች ነው። ሴትዮዋ "አስተማሪው ዛሬ ጥሩ ሰው ሆነ" ብለው ሞቅ ያለ ሰላምታ ሰጡን።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳሞታ ተራራ አናት ላይ ደመና እየተሰበሰበ ሳለ ሜዳው ደረስን። አባቴ መንፊያውን ለእኔ ትተው በእጃቸው ዓይናቸውን ከልለው ቆሙ። ነፋሁ። ቡሹ ተፈነቀለ። ጠርሙሱ እግራችንን አርጥቦ ወጣ፣ ወጣ፣ ዘንበል አለ፣ ቆቡ ግን አልወለቀም። አናቱን ወደ ታች አድርጎ መጥቶ ሳሩ ውስጥ ተተከለ።

ሄጄ አነሳሁት። ፊቴ እሳት ሆኗል። ገመዱ ከእነ ጥቅሉ ቆቡ ውስጥ ተቀርቅሯል።

"እንዴት አድርገህ ነው ያስገባኸው?" አሉኝ አባቴ።

"ጠቅልዬ።"

"ጥቅል ሲጎተት ይቋጠራል እንጂ አይፈታም። አምጣ።" ተቀብለው ገመዱን ዘረጉትና ወዲህና ወዲያ፣ ወዲህና ወዲያ እያጠፉ አስተኙት፤ ከብት ከበረት ሲያወጡ ገመዱን እጃቸው ላይ እንደሚይዙት። ጨርቁን ከላይ አስቀመጡ። ቆቡን ራሳቸው ገጠሙት፣ ሁለት ጊዜ ነቅለው ላላ ማለቱን አረጋገጡ። እኔ ነፋሁ።

ወጣ። ጫፉ ላይ ደርሶ ለአፍታ ቆመ፣ ዘንበል አለ፣ ቆቡ ወለቀ። ነጩ ገመድ ከሆዱ ውስጥ ሲመዘዝ፣ ሲረዝም ከሥር ይታያል። ጨርቁ ተነፋ። ጉተታው መጣ፤ ጠርሙሱ አንዴ ተወዛወዘና ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ በቀስታ፣ ነፋስ ወደ ወሰደው እየሄደ፣ ሜዳው ጫፍ ካለ በቆሎ ውስጥ አረፈ።

አባቴ ከእኔ ቀድመው ደረሱ። ጠርሙሱን አላዩትም። ገመዱን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በጣቶቻቸው መሀል አሳለፉ፣ የተጎነጎነውን ገለበጡ፣ ከዚያ የፕላስቲኩን አንገትጌ አዩ። ጭረት የለበትም። "አልተነካም" አሉ። ወደ እኔ ዞረው "ድገመው" አሉኝ። ዝናቡ እስኪያባርረን ስድስት ጊዜ ደገምነው።

ማታ እራት ላይ ያስጨነቀኝን አነሳሁት። "አባባ፣ ዘንድሮ ከመምህራኑ ጋር ገብቼ በሬ እገዛለሁ። የሚያስሩበት ቦታ አላቸው። ሰፈር ሲጠይቅዎት እሱን ይንገሩ።" እሳቸው ዳጣውን እየጠቀሱ "መግባቱን ግባ" አሉ። "የምናገረውን ግን እኔ አውቃለሁ።" ጠዋት የተረፈውን የበሬ ገመድ ጠቅልለው ይዘው ወደ አረካ ተሳፈሩ፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም ሐሳብ ላይ ወደቅኩ። ምን ብለው ይሆን? ዋሽተውልኝ ይሆን? ወይስ "ልጄ በጠርሙስ ይጫወታል" ብለው አንገታቸውን ደፍተው ይሆን?

ከመምህራኑ ጋር በሬ ገባሁ። ድርሻዬን ለባለቤቴ ትቼ ለጊፋታው ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። ሰዎቹ እንሰቱ ሥር ተሰብስበው ሥጋ ይመድባሉ። እንዳልታይ በጎን ልገባ ስል ያ መልእክቴን የወሰደው ሰው አየኝና ጠራኝ። ሁሉም ዞሩ። ጉልበት ስሜ፣ ትከሻ ተሳስሜ ስጨርስ አንድ ሽማግሌ እጄን ሳይለቁ ትኩር ብለው አዩኝ።

"ገመድ አቅቶህ አባትህን ያስጠራኸው መምህር አንተ ነህ?" አሉኝ።

ሌላው ቀበል አደረገ። "የመንግሥት ትምህርት ሁሉ አልቆበት፣ መጽሐፍ ጠፍቶበት፣ መፍትሔው እሳቸው ጋ ነው ተብሎ በባጃጅ ነው አሉ የወሰዷቸው። ያለ አባትህ ያ ነገር ከሰማይ አይወርድም ነበር አሉ። እውነት ነው?"

አባቴ ሥጋ ላይ አጎንብሰዋል። ቀና አላሉም፤ ቢላቸው ግን ቆሟል።

"እውነት ነው" አልኩ። "አራት ዓመት ተምሬ አቃተኝ። እሳቸው በአንድ ቀን ሠሩት።"

ሽማግሌው እጄን ለቀው ወደ አባቴ ዞረው መረቋቸው። ስለ በሬ ማንም አልጠየቀኝም። አባቴ ከፊታቸው ካለው መደብ ደህና ቁራጭ መርጠው፣ እዚያው ሁሉም እያየ፣ በእጄ ሰጡኝ።